ባለ3.3 ቮልት ቺፕን ከድሮ ኮምፒውተር ባስ ጋር ሲያገናኙ የሚታየው ደፉ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በ4 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ዜድ80 ፕሮሰሰር ያለው የ1980ዎቹ ኮምፒውተር አላቸው። በባለ3.3 ቮልት ኤፍፒጂኤ (ውስጣዊ ሰርኪዩቱን ተጠቃሚው ራሱ የሚወስንበት ቺፕ) ከባሱ፣ ማለትም ቺፖቹ በጋራ ከሚጠቀሙባቸው የምልክት መስመሮች፣ ጋር የሚገናኝ የማስፋፊያ ካርድ እየሠሩለት ነው። በመሃል አንድ አነስተኛ የቮልቴጅ መቀየሪያ ሰሌዳ አስገብተዋል፤ በየመስመሩ አንድ ቢኤስኤስ138 ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ትራንዚስተር) እና ሁለት ባለ10 ኪሎኦም ፑል-አፕ (መስመሩን ወደ ኃይል ምንጩ የሚስብ) ሬዚስተር ያለበት ዓይነት ነው። ካርዱ የሚመልሰው ዳታ ግን ይበላሻል፤ 1 መሆን የነበረባቸው ቢቶች አልፎ አልፎ 0 ሆነው ይነበባሉ። ምክር ሲጠይቁ አንዱ «3.3 ቮልት ለቲቲኤል ይበቃል፣ በቀጥታ ይገናኝ» አላቸው (ቲቲኤል የዚያ ዘመን የባለ5 ቮልት ዲጂታል ቺፖች ቤተሰብ ነው)፤ ሌላው ደግሞ «ኤፍፒጂኤው ይቃጠላል» አላቸው። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ አቅጣጫ ነው። ምልክቱ ከኤፍፒጂኤው ወደ ባሱ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጅ ማሳደግ አያስፈልግም። ከባሱ ወደ ኤፍፒጂኤው ሲመጣ ግን ያለ መከላከያ ማገናኘት ቺፑን ይጎዳል። የእርስዎ ሰሌዳ የከሸፈው ደግሞ በሦስተኛ ምክንያት ነው፤ ችግሩ ቮልቴጁ ላይ ሳይሆን ፍጥነቱ ላይ ነው። በየተራ ላስረዳ።

«ባለ5 ቮልት» እና «ባለ3.3 ቮልት» የሚሉት ስሞች የሚናገሩት ስለ ኃይል ምንጩ ብቻ ነው። ሁለት ቺፖች ይግባቡ አይግባቡ የሚወስነው ግን ላኪው ምን ያህል ቮልቴጅ ለማውጣት ዋስትና እንደሰጠ፣ ተቀባዩም ከስንት በላይ ያለውን ሃይ (1)፣ ከስንት በታች ያለውን ሎው (0) ብሎ ለመቀበል ዋስትና እንደሰጠ ነው። በቲቲኤል ወግ ላኪው ለሎው ከ0.4 ቮልት አይበልጥም፣ ለሃይ ከ2.4 ቮልት አያንስም። ተቀባዩ ደግሞ እስከ 0.8 ቮልት ያለውን ሎው፣ ከ2.0 ቮልት ጀምሮ ያለውን ሃይ ብሎ ይቀበላል፤ ደፍ የምለው እነዚህን የተቀባዩን ልኮች ነው። በሁለቱም በኩል የሚተርፈው 0.4 ቮልት ለኖይዝ የተተወ ነው። በ0.8 እና በ2.0 መካከል ያለው ክልል ማንም ዋስትና የማይሰጥበት ነው፤ ቺፑ እዚያ ውስጥ የትም ቦታ ላይ ሊቀያየር ይችላል፣ ሙቀት ሲጨምርም ቦታው ይንሸራተታል።

የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ኤንሞስ (በቀድሞ የቺፕ አሠራር የተሠሩ) ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም የ1975ቱ 6502፣ የ1976ቱ ዜድ80 እና የ1979ኙ 8088፣ በዳታ ፒኖቻቸው ይህንኑ 0.8 እና 2.0 ነው የያዙት፤ በዙሪያቸው ያሉት ቺፖች ቲቲኤል ስለነበሩ። የቺፕ ደረጃዎችን የሚያወጣው ጄዴክ የ3.3 ቮልቱን ደረጃ ሲያወጣም እነዚህኑ ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ አስቀጠላቸው። በዚህ የተነሳ የእርስዎ ኤፍፒጂኤ ፒን ሃይ ሲሆን ቀላል ጭነት ላይ ወደ 3.3 ቮልት ተጠግቶ ይቆማል፤ ከሚፈለገው 2.0 በላይ 1.3 ቮልት ይተርፈዋል ማለት ነው። ሬጉሌተሩ (3.3 ቮልቱን የሚያወጣው ክፍል) 5 በመቶ ወርዶ 3.135 ቢሆን እንኳ ትርፉ ከ1 ቮልት በላይ ነው። ይህ የቲቲኤል ቺፖች እርስ በርሳቸው ከሚሰጣጡት ትርፍ ይበልጣል። ስለዚህ «ይበቃል» ያሉዎት ሰው በዚህ አቅጣጫ እውነታቸውን ነው።

ልዩ ሁኔታው የሚመጣው ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ተቀባይ በሲሞስ አሠራር የተሠራ፣ ደፉም ከኃይል ምንጩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ሲሆን ነው። 74ኤችሲ ቤተሰብ በ5 ቮልት ሲሠራ ለሃይ የሚጠይቀው የኃይል ምንጩን 70 በመቶ፣ ማለትም 3.5 ቮልት ነው። የማሽኑ ምንጭ 5.25 ቢደርስ ልኩ ወደ 3.68 ይወጣል፤ የእርስዎ ሬጉሌተር በዚያው ሰዓት 3.135 ላይ ከሆነ ከግማሽ ቮልት በላይ ይጎድላል። ሆኖም ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ምክንያቱም የኤችሲ ትክክለኛ መቀያየሪያ ነጥብ በተለምዶ 2.5 ቮልት አካባቢ ነው። ይህ ዓይነቱ «ሠርቷል» በጣም ያሳስበኛል፤ ሌላ ሰው ቤት፣ ሌላ ማሽን ላይ፣ ከሰዓታት ሥራ በኋላ የሚወድቀው እንዲህ ያለው ካርድ ነው። 74ኤችሲቲ ወይም 74ኤኤችሲቲ ቢሆን ግን በ5 ቮልት እየሠራም የቲቲኤልን 0.8 እና 2.0 ይቀበላል። የአንዲት «ቲ» ፊደል መኖር አለመኖር ነው ልዩነቱ፤ ማሽኑን ከፍተው ባሱ ላይ የተቀመጡትን ቺፖች አንድ በአንድ ማንበብ ያለብዎት ለዚህ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ፕሮሰሰሩ በአዲስ ሲተካ። ድሮ የተሠራው ኤንሞስ 6502 በቲቲኤል ደፍ ይሠራል። ዛሬ የሚመረተው የደብሊውዲሲ ኩባንያ 65ሲ02 ግን በዳታ ፒኖቹ ላይ የኃይል ምንጩን 70 በመቶ ይፈልጋል። በድሮው ቺፕ ፍጹም ሲሠራ የነበረ ባለ3.3 ቮልት ካርድ ከቅያሪው በኋላ ዋስትናውን ያጣል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የሚያዋጣው ሁለት የኃይል ምንጭ ያለው 74ኤልቪሲ8ቲ245፣ ወይም በ5 ቮልት የሚሠራ ኤችሲቲ ባፈር (ምልክትን ተቀብሎ አጠንክሮ የሚያስተላልፍ ቺፕ) ነው፤ ሁለቱም በባሱ በኩል ወደ 5 ቮልት የተጠጋ ሃይ ያወጣሉ።

አሁን ወደ ሌላኛው አቅጣጫ። አብዛኞቹ የዛሬ ቺፖች ፒናቸው ላይ ከራሳቸው ምንጭ 0.5 ቮልት ያህል በላይ እንዲመጣ አይፈቅዱም። አርፒ2040 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር እንዲህ ነው፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ኤፍፒጂኤዎችም እንደዚያው። 5 ቮልት ሲመጣባቸው በፒኑና በ3.3 ቮልት መስመሩ መካከል ያለው መከላከያ ዳዮድ ይከፈትና ጅረቱ ወደ ኃይል መስመሩ ይፈሳል። ተራ ሬጉሌተር ጅረት ይሰጣል እንጂ መልሶ አይውጥም። ስለዚህ አሥራ ስድስት የአድራሻ መስመሮች በአንድነት ሃይ ሲሆኑ የ3.3 ቮልቱ መስመር ራሱ ወደ ላይ ይገፋል፤ በእሱ ላይ ያለው ሁሉ፣ ፍላሽ ሜምሪውም ጭምር፣ ከልኩ በላይ ይመገባል። ቺፑ ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ብዙ ሰው «እኔ አገናኝቼው ምንም አልሆነም» የሚለው ለዚህ ነው። ጉዳቱ ግን ቀስ እያለ ይጠራቀማል።

5 ቮልት የሚችሉ አሉ፤ በሁኔታ ግን። የኤስቲኤም32 ማይክሮኮንትሮለሮች ብዙ ፒኖች ይችላሉ፤ ፒኑ በአናሎግ አሠራር ላይ ሲደረግ ግን ችሎታው ይቀራል። በ2024 የወጣው አርፒ2350 ዲጂታል ፒኖቹ የሚችሉት የራሱ የፒን ምንጭ በርቶ ሳለ ነው፤ የአናሎግ መለኪያ ፒኖቹ ጭራሽ አይችሉም። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ላይ የፒኑን ዓይነት ሳያዩ «ይህ ቺፕ 5 ቮልት ይችላል» ብሎ መደምደም አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ሁለት ሬዚስተር የቮልቴጅ መከፋፈያ ይሄዳል፤ ለምሳሌ 1.8 ኪሎኦም ከላይ፣ 3.3 ኪሎኦም ከታች። 5 ቮልት ገብቶ 3.24 ይወጣል፣ ሒሳቡ ያምራል። ችግሩ የድሮ ባስ ሃይ 5 ቮልት አለመሆኑ ነው። የቲቲኤል አውትፑት ላይኛው ትራንዚስተርና ዳዮድ ቮልቴጅ ስለሚወስዱ ሃይው በተለምዶ 3.4 አካባቢ ይቆማል። የ74ኤልኤስ ዋስትና 2.7 ብቻ ነው፤ የዜድ80 ዋስትና ደግሞ 2.4፣ እሱም 250 ማይክሮአምፒር ብቻ ሲሰጥ። ያንን መከፋፈያ ዜድ80 ላይ ቢያስቀምጡት በ2.4 ቮልት 470 ማይክሮአምፒር ይጠይቀዋል፤ ዋስትናው ከሚሸፍነው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቮልቴጁ 2.4 ላይ ጸና ብንል እንኳ ኤፍፒጂኤው ጋ የሚደርሰው 1.55 ነው። ኤልኤስ 2.7 ቢሰጥ የሚደርሰው 1.75 ነው። ሁለቱም ከ2.0 በታች፣ ማንም ዋስትና በማይሰጥበት ክልል ውስጥ ናቸው።

በሌላ በኩል እዚያው ባስ ላይ ሲሞስ ራም ወይም ፑል-አፕ ካለ መስመሩ ሙሉ 5 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ ተቀባይዎ ከ2.4 እስከ 5.25 ያለውን ሁሉ ሳይጎዳ ሃይ ብሎ መቀበል አለበት። መከፋፈያ ይህንን አይችልም። በ3.3 ቮልት የሚሠራ 74ኤልቪሲ245 ግን በትክክል ይህንን ያደርጋል፦ ደፉ 0.8 እና 2.0 ነው፣ ኢንፑቱ እስከ 5.5 ቮልት ይችላል፣ መዘግየቱም ከ10 ናኖሰከንድ በታች ነው።

ወደ ሰሌዳዎ እንመለስ። ሞስፌቱ መስመሩን ወደ ሎው ሲስብ ፈጣን ነው። ወደ ሃይ ግን የሚገፋው ሞስፌቱ ሳይሆን ሬዚስተሮቹ ናቸው። የባሱ መስመር ከቺፖቹና ከኮኔክተሩ ጋር 100 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ባለ10 ኪሎኦሞች በጋራ ይሞሉታል፤ አንዱ ከ5፣ ሌላው ከ3.3 ቮልት ጋር ስለተያያዘ፣ እንደ አንድ 5 ኪሎኦም ሆነው በመሃላቸው 4.15 ቮልት ላይ የታሰሩ ያህል ነው። ከዜሮ ተነስቶ 2.0 ቮልት ለመድረስ 330 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ4 ሜጋኸርዝ ዜድ80 አንድ ቲ-ስቴት (የክሎኩ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን እርምጃ የሚመራው ምት፣ አንድ ዑደት) 250 ናኖሰከንድ ነው። ትእዛዝ በሚያነብበት ዙር ከመጀመሪያው ቲ-ስቴት አጋማሽ እስከ ሦስተኛው መነሻ 375 ናኖሰከንድ አለ። ከዚያ ላይ የሜምሪ ጥያቄ ምልክቱ እስኪወጣ 85፣ ዳታው ቀድሞ መቀመጥ ያለበት 35 ሲቀነስ ለካርድዎ የሚቀረው 255 ናኖሰከንድ ነው። 330 ደግሞ 255 ውስጥ አይገባም። ቀድሞ ሎው የነበረ ቢት 1 ሊሆን ሲወጣ መንገድ ላይ ሳለ ይነበባል፤ ቀድሞም ሃይ የነበረው ግን በትክክል ይነበባል። «አልፎ አልፎ 1 የነበረው 0 ይሆናል» ያሉት ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል።

እነዚያ ፑል-አፖች ሌላም ዕዳ አላቸው። ዜድ80 ሎው ለማውጣት ዋስትና የሰጠው 1.8 ሚሊአምፒር ለመዋጥ ነው። ሁለቱ ሬዚስተሮች ብቻቸውን ከዚያ ላይ 0.83 ይወስዳሉ።

አቅጣጫን በራሳቸው የሚያውቁትን ቲኤክስቢ0108 የመሰሉ ቺፖችም ለዚህ ሥራ አልመክርም። መስመሩን የሚይዙት በ4 ኪሎኦም ገደማ ደካማ አውትፑት ነው፤ ጠንከር የሚሉት ምልክቱ በሚቀያየርበት ቅጽበት ብቻ ነው። የ74ኤልኤስ ኢንፑት ሎው ሲደረግ እስከ 0.4 ሚሊአምፒር ወደ ውጭ ይሰጣል፤ ያ ጅረት በ4 ኪሎኦም ሲያልፍ 1.6 ቮልት ይሆናል። ሎው ያሉት 1.6 ቮልት ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነው። ከ50 ኪሎኦም ያነሰ የውጭ ፑል-አፕም አይፈቅዱም፤ የድሮ ባስ ደግሞ ፑል-አፕ አያጣም።

ስለዚህ ለእርስዎ ካርድ የምለው ይህ ነው። ለአድራሻውና ለመቆጣጠሪያ መስመሮቹ በ3.3 ቮልት የሚሠሩ 74ኤልቪሲ245 ወይም 74ኤልቪሲ244፣ አቅጣጫቸው ወደ ኤፍፒጂኤው ብቻ። ለዳታው አንድ 74ኤልቪሲ245፣ አቅጣጫው በኤፍፒጂኤው የሚመራ። በባሱ በኩል የሚያወጣው 3.3 ቮልት ለዜድ80 እና ለኤልኤስ ይበቃል።

አቅጣጫውን ስትመሩት ግን የንባብ ምልክቱን ብቻ አትከተሉ። ካርድዎ ለኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩ ሥራውን አቋርጦ እንዲያስተናግድ ለሚጠይቅ ምልክት) ቬክተር፣ ማለትም የትኛውን ፕሮግራም እንደሚያስኬድ የሚያመለክት ቁጥር፣ የሚሰጥ ከሆነ ዜድ80 በዚያ ዙር የንባብ ምልክቱን አያወጣም፤ ኤም1 እና አይኦአርኪው የተባሉት የፕሮሰሰሩ ምልክቶች በአንድነት ሎው መሆናቸውን ነው ማየት ያለብዎት። ኤፍፒጂኤው ኮንፊገሬሽኑን ጭኖ እስኪጨርስ ድረስ የባፈሩ ማንቂያ ፒን ሃይ ሆኖ እንዲቆይ በ10 ኪሎኦም ወደ 3.3 ቮልት ይሳቡት፤ ካልሆነ ማሽኑ ሲነሳ ካርድዎ ከሮሙ ጋር ባሱን ይሻማል። አቅጣጫ የሚቀየረውም ባፈሩ ጠፍቶ ሳለ ይሁን።

ዌይት (ፕሮሰሰሩን የሚያስጠብቀው)፣ ኢንተራፕት እና ሪሴት መስመሮች ከዳታው የተለዩ ናቸው። ብዙ ካርዶች የሚጋሯቸው፣ በፑል-አፕ ወደ 5 ቮልት የተሳቡ፣ ማንም ወደ ሃይ የማይገፋቸው መስመሮች ናቸው። የኤፍፒጂኤውን ፒን «ክፍት» በማድረግ ብቻ ማስመሰል ይቻላል ብለው አያስቡ፤ ፒኑ በለቀቀ ቁጥር ፑል-አፑ 5 ቮልት ያመጣበታል። በመሃል 74ኤልቪሲ1ጂ07 ወይም አንድ 2ኤን7002 ሞስፌት ያስገቡ፤ ሞስፌቱ ምልክቱን እንደሚገለብጥ ግን አይዘንጉ።

ክሎክ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ «3.3 ይበቃል» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም። የዜድ80 ክሎክ ፒን ሃይ እንዲባል የሚጠይቀው ከኃይል ምንጩ 0.6 ቮልት ብቻ የሚያንስ ነው፣ ማለትም 4.4 ቮልት፤ ሎውም ከ0.45 መብለጥ የለበትም። የ8088ም ክሎክ ፒን 3.9 ቮልት ይፈልጋል። ተራ ቲቲኤል ጌት ራሱ ይህንን ስለማይደርስ ነው ድሮ በዜድ80 ክሎክ መስመር ላይ 330 ኦም ፑል-አፕ ይደረግ የነበረው። ካርድዎ ክሎኩን የሚያዳምጥ ብቻ ከሆነ አያሳስብዎ። የሚያመነጭ ከሆነ ግን በ5 ቮልት በሚሠራ 74ኤኤችሲቲ ጌት በኩል ያሳልፉት።

ፍጥነት ሲበዛም ችግር ነው። የኤልቪሲ ጠርዝ ከ1 እስከ 2 ናኖሰከንድ ውስጥ ይቀያየራል፤ የድሮ ባስ ደግሞ ተርሚኔሽን (ምልክቱ ጫፍ ደርሶ እንዳይነጥር የሚያደርግ ሬዚስተር) የለውም፣ ግራውንዱም ቀጭን ነው። ስምንት የዳታ መስመሮች በአንዴ ሲወርዱ መስመሩ ከዜሮ በታች ይዘልቃል፣ ተመልሶም ይወዛወዛል። በየዳታ መስመሩ ባፈሩ ሥር ከ22 እስከ 33 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ያስገቡ። በተቃራኒው ከኤንሞስ የሚመጣው ቀርፋፋ ጠርዝ በፈጣን ኢንፑት ላይ ሁለቴ ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ ከባሱ የመጣን ምልክት በኤፍፒጂኤው ውስጥ በቀጥታ ክሎክ አያድርጉት። በራስዎ ፈጣን ክሎክ በሁለት ፍሊፕ-ፍሎፕ (አንድ ቢት የሚይዙ ሰርኪዩቶች) አሳልፈው ይቀበሉት።

ከዜድ80 ወጥተው ዴክ የተባለው ኩባንያ ይሠራቸው ወደነበሩ ማሽኖች የሚሄዱ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀየራል። ከእነዚያ ማሽኖች ባሶች አንዱ የሆነው የኪው-ባስ መስመር 120 ኦም ኢምፒዳንስ ያለው፣ ሥራ ሲፈታ 3.4 ቮልት ላይ የሚያርፍ ነው። ላኪው 70 ሚሊአምፒር እየዋጠ እስከ 0.8 ቮልት ድረስ ሎው እንዲል ተፈቅዶለታል፤ ተቀባዩ ግን 1.3 እና 1.7 የሆነ ጠባብ ደፍ አለው። ተራ ኤልቪሲ እዚያ ላይ ቢያስቀምጡ የሎው ትርፍዎ ዜሮ ነው፤ ላኪው የተፈቀደለት 0.8፣ የእርስዎ ልክም 0.8። ለእነዚያ ባሶች በልካቸው የተሠራ ተቀባይ፣ ወይም ደፉን በራስዎ የሚወስኑለት ኮምፓሬተር (ሁለት ቮልቴጆችን የሚያነጻጽር ቺፕ) ያስፈልጋል።

የካርድዎ ምንጭ ከማሽኑ የተለየ ከሆነም፣ ማሽኑ በርቶ ካርዱ ጠፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ይኖራል። ያኔ ባሱ ኤፍፒጂኤውን በፒኖቹ በኩል ሊመግበው ይሞክራል። የሚመርጡት ባፈር ምንጩ ሲጠፋ ፒኖቹን የሚያላቅቅ መሆኑን ዳታሺቱ ላይ አዮፍ (Ioff) በሚለው መስመር ያረጋግጡ።

ባፈሮቹን ከመግዛትዎ በፊት ግን ያለውን ሰሌዳ በኦሲሎስኮፕ ይዩት። ባለ10 እጥፍ ፕሮብ በአጭር ግራውንድ ይጠቀሙ፤ ባለ1 እጥፉ ራሱ እስከ 100 ፒኮፋራድ ይጨምርና የሚለኩትን ያበላሻል። የዳታ መስመሩን ፕሮሰሰሩ እግር ላይ፣ ክሎኩን በሁለተኛው ቻናል ያድርጉ። ወደ ላይ እያጎነበሰ ቀስ ብሎ የሚወጣ ጠርዝ ካዩ ፑል-አፑ ነው፣ ከላይ ያሰላነው። ከ0.8 እስከ 2.0 መካከል ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቆም ደረጃ ካዩ ሁለት ላኪዎች እየተሻሙ ነው፤ ያኔ ባፈር መቀየር ብቻውን አይፈውሰውም፣ ዲኮዲንጉን (ካርዱ የእሱ የሆነውን አድራሻ የሚለይበትን ክፍል) ይመርምሩ። ሎው ከ0.4 በታች መውረድ ካቃተው ደግሞ አንዱ ላኪ ከአቅሙ በላይ ጅረት እንዲውጥ ተደርጓል፤ ያንን መስመር ይዘው በላዩ ላይ ያሉትን ፑል-አፖችና ኢንፑቶች ይደምሩ።